በዘማርያም ስም

ዘማርያም ስልክ ፍለጋ የወጣው ለራሱ አልነበረም። የእሱ ስልክ ቢያረጅም ይሠራል፤ ለንደን ፓርክ ሮያል ካለው የሳንድዊች ፋብሪካ የፈረቃ መልእክት ሲላክ ይቀበላል፣ ባሱ መቼ እንደሚደርስ ያሳያል፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው ነገር የለም። አዲሱን ስልክ የፈለገው ደብረ ብርሃን ላለው ታላቅ ወንድሙ ለሳህሌ ነበር።

ሳህሌ ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። ልጆች ሳሉ በአካባቢያቸው እንደ እሱ ያለውን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በእጃቸው የራሳቸውን ቋንቋ ሠሩ። ማንም አላሳያቸውም። አንዱ ሲቸግረው ሌላው እየፈጠረ፣ ሲጣሉም ሲሳሳቁም እየጨመሩበት፣ ሲያድጉ ሰው በአፉ የሚለውን ሁሉ የሚሉበት ሆነ። የጎረቤት ሐሜት በዚያ ይታማል። አባታቸው ሲሞት ለሳህሌ መርዶውን የነገረው ዘማርያም ነው። ሳህሌ ጣውላ ቤት ሲቀጠር ደመወዙን የተነጋገረለትም እሱ ነው። ታናሽ እህታቸው ሸዋረጋ ግን አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ስላደገች፣ ከዚያ ቋንቋ የምታውቀው ሰው ከእንግዳ ጋር የሚግባባባትን ያህል ብቻ ነበር።

ስለዚህ ዘማርያም አገር ጥሎ ሲሰደድ፣ ሳህሌ ወንድሙን ብቻ አይደለም ያጣው። የሚያወራው ሰው አጣ።

ዘመኑ ቪዲዮ ሲያመጣ ግን ነገሩ ተቃና። እሑድ እሑድ ዘማርያም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ኪልበርን ውስጥ በተከራያት አንዲት ክፍል አልጋው ላይ ይቀመጥና ስልኩን በትራስ አስደግፎ ከሳህሌ ጋር ያወጋል። ያለ አንዳች ድምፅ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲያወሩ ስለሚውሉ፣ የጎን ክፍሉ ተከራይ እሑድ ቀን ቤት ውስጥ ሰው ያለ አይመስለውም ነበር። ሳህሌ ወሬ አዋቂ ነው። ማን ከማን ጋር በወሰን እንደተካሰሰ፣ አለቃው ሚስቱን እንዴት እንደሚፈራ በእጁና በፊቱ ሲያስመስለው ዘማርያም ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሳምንቱን ሁሉ ብርድ ቤት ውስጥ ዳቦ ላይ ቅቤ ሲቀባ የሚውለው ሰው የሚስቀው በዚያን ዕለት ብቻ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከዚያ የሳህሌ ዓይን መድከም ጀመረ። መጀመሪያ ሲመሽ ነበር የሚያደናቅፈው። ቀጥሎ በጠራራ ፀሐይ ከጎኑ የቆመ ሰው አይታየው ጀመር። አንድ ቀን መጋዙ ጣቱን ሲቆርጠው አለቃው ወደ ቤቱ ሸኘው፤ መልሶም አልጠራውም። ከእሱ ጋር ልትኖር ደብረ ብርሃን ተመልሳ የነበረችው ሸዋረጋ አዲስ አበባ ይዛው ሄደች። ሐኪሙ አይቶ ሲጨርስ፣ ይህ ነገር ከጆሮው ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን፣ መድኃኒት እንደሌለውና ከዳር ወደ መሀል እየጨለመ ሄዶ እንደሚዘጋ ነገራት። ምን ያህል ጊዜ አለው ብላ ስትጠይቀው፣ "እሱን እኔም አላውቅ፤ እየፈጠነ ያለ ይመስለኛል" አላት።

"አንተን የማይህ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ነው" አለው ሳህሌ በቪዲዮ። "እጅህን ፊትህ አጠገብ አድርግ። አታወራጨው።"

ዘማርያም እጁን ሰብስቦ ማውራት ለመደ። የሸዋረጋ ስልክ ግን የተሰነጠቀ፣ መስታወቱ የደበዘዘ ነበርና ሳህሌ ግማሹን ቢይዝ ግማሹ ያመልጠዋል። "ድገምልኝ" ይላል። አሁንም "ድገምልኝ" ይላል።

መላውን የነገረችው ኂሩት ናት። ኂሩት በፋብሪካው ከእሱ ጎን ቆማ የምታሽግ፣ ሁለት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት። ባስ ውስጥ ዓይኗም ጆሮዋም የማይሠራ አንዲት እንግሊዛዊት አይታ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት በምልክት የምትናገረውን ሁሉ በሴትየዋ መዳፍ ላይ ታሳርፍላታለች፣ ሴትየዋም እየዳሰሰች ትሰማለች፣ ትስቃለች። "ሲስቁ ነው ያየኋቸው" አለችው ኂሩት። "ባስ ሙሉ ሰው እነሱን ነበር የሚያየው።"

ዘማርያም ያን ዕለት ሥራው እንዴት እንዳለቀ አላወቀም። ሳህሌ ጨርሶ ሳይጨልምበት ሸዋረጋ ቋንቋቸውን ከሥር ከመሠረቱ ብትማር፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በቪዲዮ አብረው ቢያስተምሯት፣ ኋላ ዓይኑ ሲዘጋ በእጁ ላይ ልትነግረው ትችላለች። እሱ ራሱ ሄዶ እንዳያስተምራት በስደት ወረቀት የተቀመጠ ሰው ነው፤ ወደዚያ መመለስ አይችልም። የሚያስፈልገው ሳህሌ አጥርቶ የሚያይበት ብሩህ ስልክ ነው። እንደ አጋጣሚ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቃቸው እትዬ ዓይናዲስ የወንድማቸውን ተዝካር ሊያወጡ አገር ቤት ሊሄዱ ተነሥተዋል።

ዋይት ሲቲ ወዳለው ትልቁ የገበያ ማዕከል የሄደው በዕረፍት ቀኑ ነው። ስልክ ቤቱ ውስጥ የተቀበለችው ወጣት ስሙን ከመታወቂያው ላይ ስታነብ ፊቷ ፈካ አለ።

"ሀበሻ ነህ? ነዎት?" አለችው። ደረቷ ላይ ሳባ የሚል ስም ተለጥፏል። እዚሁ ለንደን ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከእናቷ የወረሰችው የዱሮ አማርኛ ሆኖ እንግሊዝኛው መሀል መሀሉን ይገባበታል።

"የወንድሜ ዓይን ደካማ ነው" አላት። "መስታወቱ በጣም የሚያበራውን ነው የምፈልገው።"

"ዚስ ዋን" አለችና አንዱን አንሥታ አበራችለት። "ፀሐይ ላይ እንኳን ይታያል። ኮንትራቱ የሁለት ዓመት ነው፣ በየወሩ ከባንክ ይቆረጣል። ክሬዲት ቼክ ላድርግና እንጨርሳለን።"

"ቼኩ ምንን ነው የሚያየው?"

"ከዚህ በፊት ቢል በሰዓቱ ከፍለው እንደሆነ። ዶንት ዎሪ፣ ሁሉም ላይ ነው የሚደረገው።"

ዘማርያም አልተጨነቀም። ኪራይ አሳልፎ አያውቅም፤ ከባንክ ተበድሮ አያውቅም። ሳባ ስትጽፍ እሱ ስልኩን ይዞ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። የገዛ እጁን በካሜራው አየው። የጥፍሩ ሥር ሳይቀር ይታያል። ሳህሌ ይህን ሲያይ ምን እንደሚል እያሰበ ሳለ የሳባ ጣቶች ቆሙ። አድራሻውን ደግማ ጠየቀችው፣ ደግማ ጻፈች፣ ጠበቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ጋሼ፣ ሶሪ። ዲክላይን አድርጎታል።"

"ምን ማለት ነው?"

"አልፈቀደም። ኮንትራቱን ልሰጥህ አልችልም። ልሰጥዎ።"

"ማን ነው ያልፈቀደው?"

"ሲስተሙ።"

"የማናግረው ሰው የለበትም?"

"የለበትም" አለችው። "ምክንያቱን ለእኔም አያሳየኝም። ብቻ የሆነ ነገር አለ፣ በስምዎ ላይ።"

"ቀብድ ላስይዝ?"

"እንደዛ የሚባል ነገር የለውም። ደግሜ አፕላይ ባደርግ ደግሞ ይብስበታል፤ በተደጋገመ ቁጥር ያበላሸዋል።"

ሙሉውን ዋጋ ከፍሎ ቢወስድስ ብሎ ጠየቃት። እሱ ይቻላል አለችና ዋጋውን ነገረችው። ዘማርያም ቀልድ እንደሰማ ሰው ፈገግ አለ። ከኪራዩና ለሳህሌ ቀለብ ከሚልከው የሚተርፈው ወር ከወር አያደርሰውም። ሳባ ስልኩን ከእጁ በቀስታ ተቀብላ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው። ስሙ ላይ ያለውን ነገር በነፃ የሚያይበትን ድረ ገጽ በቁራጭ ወረቀት ጻፈችለት። "እናቴም አንዴ እንደዚህ ሆና ነበር" አለችው፤ እንዲያጽናናው ብላ ነው። ከኋላው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ዘማርያም ጎንበስ ብሎ አመስግኗት ወጣ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ኂሩት በእሱ ስልክ ድረ ገጹን ከፈተችለት። ሁለቱም ነጭ ካፖርታቸውን እንደለበሱ አንገታቸውን ደፍተው ሲያነቡ ቆዩና ኂሩት ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች።

"ይኸው። የስልክ ኮንትራት። ያልተከፈለ፣ ዲፎልት ይላል። አድራሻው ኪልበርን ነው፣ ግን ያንተ ቤት አይደለም።"

"የዱሮ ቤቴ ነው።"

"ቁጥሩ የማን ነው?"

ዘማርያም ቁጥሩን አየው። ለመርሳት አስቸጋሪ ቁጥር ነበር፤ ለሥራ ፍለጋ እንዲመች ብለው አብረው መርጠውታል። "የተክለአብ" አለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ተክለአብ ለንደን የገባው ዘማርያም የዱሮው ቤት ሳለ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ማደሪያ እስኪያገኝ ተቀበለው ቢሉት ተቀበለው። ልጁ ወረቀት የለው፣ ባንክ የለው፤ ስልክ ከሌለው ደግሞ ማን ለሥራ ይጠራዋል? ዘማርያም በስሙ መስመር አወጣለት። "ስም ምን አለው፣ አያልቅ" ብሎ ነበር ያን ጊዜ። ተክለአብ ወረቀቱን እስኪያገኝና ካገኘም በኋላ ለዓመታት ገንዘቡን በእጁ እያመጣ ሲሰጠው ኖረ። ኋላ በርሚንግሃም ሥራ አገኘና ሄደ። ዘማርያምም ቤት ለወጠ፣ ክፍያው ይቆረጥበት የነበረውን ባንክም ለወጠ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ መስመር ያሰበ ሰው አልነበረም።

ኂሩት ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። "አላውቀውም በል። ሰው በስሜ ከፈተ በል። ፖሊሶች የአቤቱታህን መዝገብ ቁጥር ይሰጡሃል፣ በሱ ይሰርዙልሃል።"

"እኔ ነኝ እኮ የፈረምኩት።"

"ማን ያውቃል?"

"ተክለአብስ? እሱን ይዘውት ቢሄዱ?"

ኂሩት የጓንቷን ጣቶች አስተካከለች። "የኔ ስም ደህና ቢሆን ዛሬውኑ አወጣልህ ነበር" አለች። "ባሌ ሲሄድ በዕዳው ምን እንዳደረገው ታውቃለህ።"

ተክለአብ ከበርሚንግሃም ተመልሶ አሁን ዌምብሊ ነው የሚኖረው። ታክሲ ይነዳል፣ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ቤት ገዝቷል። ዘማርያም ሲደውልለት ሳያንገራግር መጣና ኪልበርን ዋናው መንገድ ጎን መኪናውን አቆመ። ዘማርያም ከጎኑ ገብቶ ተቀመጠ። ዝናብ ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው፣ የሳህሌንም ዓይን ጨምሮ።

ተክለአብ ክው አለ። "እኔ ሲሙን የጣልኩ ጊዜ ያለቀ መስሎኝ ነበር ዘሜ። በማርያም። ወረቀት አልመጣልህም?"

"ወደ ድሮው ቤት ይሆናል የመጣው።"

"አሁኑኑ እከፍለዋለሁ።" ተክለአብ በዚያው ለስልክ ኩባንያው ደወለ። ብዙ ሙዚቃ ከሰሙ በኋላ አንዲት ሴት አነሣች። ዘማርያም ስሙንና የልደት ቀኑን ተናገረ፤ ተክለአብ የካርዱን ቁጥር አነበበላት። ተከፈለ። ሁለቱም ተንፈስ አሉ።

"ስለዚህ አሁን ስሙ ጸዳ ማለት ነው?" ብሎ ተክለአብ በእንግሊዝኛ ጠየቃት።

ሴትየዋ በትሕትና አስረዳች። ተከፍሏል ተብሎ ይጻፋል። ምልክቱ ግን አይነሣም። ከተመዘገበበት ቀን አንሥቶ ስድስት ዓመት ይቆያል፤ ገና ሦስቱ ቀርተውታል። ሌላ የምረዳችሁ ነገር አለ ወይ አለቻቸው።

የመኪናው መስታወት በትንፋሻቸው ደፈረሰ። ሰው በጃንጥላ እየተጋፋ ያልፋል።

"እንግዲያው አንተ አውጣልኝ" አለ ዘማርያም። "በስምህ። በየወሩ እኔ እከፍላለሁ። አንድ ቀን አላሳልፍብህም።"

ተክለአብ የቆመ መኪና ውስጥ ሆኖ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጧል።

"ሞርጌጁን፣ የቤቱን ብድር፣ እያደስን ነው፣ ዘሜ" አለ። "የሚያስጨርስልን ብሮከር፣ እስኪያልቅ ድረስ ምንም ነገር በስማችሁ አታውጡ ብሎናል። ቼክ ተደርጎ ቢያበላሽብን ወለዱ ይጨምራል፣ ቤቱን አንችለውም። ልጆቹ ደግሞ... አንተን የማላምንህ እንዳይመስልህ።"

"አይመስለኝም።"

"ይኼ ይለቅ እንጂ እኔ ራሴ ገዝቼ ነው የምሰጥህ። ኮንትራትም አያሻህም።"

"መቼ ያልቃል?"

"መስከረም። ቢበዛ መስከረም።"

"መስከረም ለሳህሌ ሩቅ ነው" አለ ዘማርያም። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲሁ የሚያውቀውን ተናገረ። ተክለአብ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እጁ ግን ከመሪው አልተነሣም። ቤትህ ላድርስህ ቢለው፣ ዘማርያም ቅርብ ነው ብሎ ወረደ። ዝናቡ ላይ ሲሄድ ሊናደድበት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ብሮከሩ ለእሱ ብሎት ቢሆን እሱም እንዲያ አይል እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረም። አንድ ነገር ግን አንገበገበው። መስመሩን ያወጣ ጊዜ እሱን ያስጠነቀቀው አንድም ሰው አልነበረም። ሰው በስምህ ላይ ምን ሊያደርግ ይችላል ያለው፣ ቆይ ያለው አልነበረም።

እትዬ ዓይናዲስ የሚበሩበት ቀን ሲደርስ ዘማርያም የወሩን ትርፍ ሁሉ ሰብስቦ ኪልበርን መንገድ ዳር ካለ ድንኳን አንድ ያገለገለ ስልክ ገዛ። አዲስ አይሁን እንጂ መስታወቱ ደህና ነበር። ሻጩ አብርቶ አሳየው፣ አጥፍቶ ሰጠው።

"እትዬ፣ ያደርሱልኛል?"

"ለሳህሌ ነው? አምጣ ልጄ" አሉ እትዬ ዓይናዲስ። "ከነጠላዬ መሀል ጠቅልዬ በእጄ ነው የምይዘው። ደብረ ብርሃን ድረስ እኔው ሄጄ ለእህትህ ካልሰጠሁ ምኑን አደረስኩት?"

እንዳሉትም አደረጉ። በሚቀጥለው እሑድ ሳህሌ በአዲሱ ስልክ ብቅ አለ። መስኮት ተከፍቶለት፣ ስልኩ መደርደሪያ ላይ ራቅ ብሎ ተቀምጦለት፣ ፊቱን ወዲህ ወዲያ እያደረገ ሲፈልግ ቆየና ድንገት ቀጥ አለ። አገኘው። "ሸብተሃል" አለው። ወንድማማቾቹ ሳቁ። ከዚያ ሸዋረጋን መሀል አስገቡና ትምህርት ጀመሩ። ዘማርያም ያሳያል፣ ሳህሌ የእህቱን ጣቶች ይዞ ያስተካክላል። ዝናብ። ገበያ። ታምሜያለሁ። ማን መጣ? ሸዋረጋ ፈጣን አልነበረችም፤ ቢሆንም ስትሳሳት ከሳህሌ እኩል ትስቅ ነበር። "እስከ ዛሬ ይሄን ሁሉ ስታወሩ ነበር እንዴ" አለች ለዘማርያም በድምፅ። "እኔኮ እጅ መወራጨት ነበር የሚመስለኝ።" መሽቶ ሳህሌ እስኪጨልምበት ድረስ አልተለያዩም።

በሳምንቱ መሀል ስልኩ አንድ ነገር ላድስ ብሎ ጠየቀ። ሸዋረጋ እሺ የሚለውን ነካች። ጠፍቶ ሲበራ የቀድሞ ባለቤቱን ፓስዎርድ ስጪኝ አላት። የስልክ ጥገና ቤቱ ልጆች ሁሉ ሞከሩት። አንዱ፣ "ይሄ የሌላ ሰው ነው፣ እሱ ካልከፈተው አይከፈትም" ብሎ መለሰላት። ዘማርያም ወደ ድንኳኑ ሲሄድ ቦታው ላይ ጃንጥላና ሻንጣ የሚሸጥ ሌላ ሰው አገኘ። ስለ ስልክ ሻጩ የሚያውቀው ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ በተሰነጠቀው ስልክ መታገል ሆነ። ክረምቱ እዚያ ጨለማ ነው፤ ደብረ ብርሃን ጉሙ ቀን በቀን ይወርዳል፣ መብራት ይጠፋል። ምስሉ መሀል ላይ ይደርቃል። ዘማርያም ለሸዋረጋ ሲያሳያት ጣቱ የቱ እንደሆነ አይለይላትም፤ እሷ የተረዳችውን ለሳህሌ ስታደርግለት ሳህሌ ያልሆነ ነገር ይገባዋል። ስትደጋግመው ይበሳጫል። እሷም ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ቆማ ውላ የምትመጣ ሰው ናት። "ዛሬ ይብቃን ዘማርያም" ትላለች። እሱም ይብቃሽ ይላታል። ቀን ይገፋል።

በጳጉሜ አንድ ጠዋት ሥራ ቦታ ሳለ ሸዋረጋ መልእክት ላከችለት። ሳህሌ በሩን ሲፈልግ ግድግዳውን ሲዳብስ አገኘሁት ትላለች። መብራቱን አበራሁለት፣ መብራቱ እንደበራ አላወቀም። ዘማርያም አነበበውና ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ መስመሩ ተመለሰ። ኂሩት ፊቱን አየችና እስከ ፈረቃው መጨረሻ የእሱንም ድርሻ እያሸገች ዋለች።

ተክለአብ ቃሉን ጠበቀ። በመስከረም አጋማሽ ሞርጌጁ አለቀለትና በዚያው ሳምንት ስልኩን ከነካርቶኑ ይዞ መጣ። ዘማርያም ዋይት ሲቲ ከያዘው የሚበልጥ፣ የሚሰፋ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሰጠው። ዘማርያም ተቀበለው። የሳህሌን ነገር አልነገረውም፤ ሰውየው ደስ ብሎት ነበር የመጣው። "ግባ ሻይ ጠጣ" አለው። ተክለአብ ገባና ጠጣ፤ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት አወራ።

ስልኩ በሌላ መንገደኛ እጅ ተላከና በጥቅምት ደረሰ። ሸዋረጋ ከፍታ ስትደውል ዘማርያም ወንድሙን ከተለያዩ ጀምሮ እንዲህ አጥርቶ አይቶት አያውቅም። ጢሙ ሳይስተካከል አድጓል። መጋዙ የነካት ጣት ጫፏ ጠይሟል። ሳህሌ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል፤ ሙቀቱ ከዚያ ስለሚመጣ ነው። ሸዋረጋ ትከሻውን ነካ አድርጋ እጁን ስልኩ ላይ አሳረፈችው። ጠርዙን ዳሰሰና ገባው። ወንድሙ በዚያ በኩል እንዳለ አወቀ።

እጆቹን አነሣ። "እኔ አላይህም" አለ፣ ወደ መስኮቱ። "አንተ ግን ታየኛለህ አይደል?"

"አይሃለሁ" አለ ዘማርያም በእጁ። ከዚያ በድምፅ፣ "አይሃለሁ ይላል በይው ሸዋዬ። የቀኝ እጁን ያዢና ሁለት ጣቱን ወደ ዓይኑ አስጠጊ፣ ከዚያ ወደ ደረቱ" አለ። ሸዋረጋ ያዘችና አስጠጋች። ሳህሌ እጁን ለቀቀላት፣ ጠበቀ፣ ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑን የጠየቀችው መስሎት ነበር። "አይ፣ ምንም አይታየኝም" አላት። ደገመችው። ደግሞ፣ "ጥቁር ነው" አላት።

ዘማርያም ሌላ መንገድ ነገራት። እሱንም ሞከረች። አንዷን ምልክት ከሌላዋ ጋር እያደባለቀች ይቅርታ ትላለች፣ ማንን ይቅርታ እንደምትል ሳታውቅ። ሳህሌ ታገሣት። ኋላ ግን እጁን ቀስ ብሎ ከእጇ አወጣ።

ከዚያ ማውራት ጀመረ። መልስ ሳይጠብቅ ረጅም ወሬ አወራ። ሌሊትና ቀን መለየት እንዳቃተው፤ የጎረቤቱ ውሻ ወለሉ ላይ ስትራመድ በእግሩ እንደሚያውቃት፤ አለቃው አንድ ቀን መጥቶ ትከሻውን ይዞ እንደቆመና ምን እንዳለው ማንም እንዳልነገረው፤ ሸዋረጋ እንደምትደክም እንደሚያውቅና ዘማርያምም እንዳይቆጣት። ዘማርያም አንድም አላመለጠውም። ምስሉ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ነበር። "እሺ" ይላል በእጁ፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ። "እሺ፣ ገባኝ፣ እዚህ ነኝ።" ወንድሙ ወደ መስኮቱ ይናገራል፣ እሱ ወደ ስልኩ ይመልሳል።

ሳህሌ ሲጨርስ እጆቹን ጭኑ ላይ አኖረ። ሸዋረጋ ስልኩን ይዛ ቆመች።

"ምን አለ?" አለችው።

ዘማርያም ሊነግራት አፉን ከፈተና ከየት እንደሚጀምር አጣ።

"እጄ ደከመ ዘማርያም" አለች። "እሑድ እንደውላለን።"

"እሺ" አላት። "ጋቢ ደርቢለት፣ ለብሶ አይደለም ያለው።"